«ስማይል»፦ ሳይወጣ የቀረ አልበም እንዴት ተመልሶ ይሠራል?

ካፒቶል የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ቢች ቦይስ ለተሰኘው የካሊፎርኒያ የሮክ ቡድን አዲስ ሸክላ ከ400 ሺህ በላይ ሽፋን አሳትሞ ነበር። ከፊት ለፊት ፈገግታ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ተስሏል። ከኋላ የ12 ዘፈኖች ርዕስ ተዘርዝሯል። ከዝርዝሩ ጋር፣ ዘፈኖቹ በትክክል በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ለማወቅ ሸክላው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ተመልከቱ የሚል ማሳሰቢያ አለ። ሸክላው ግን ሳይታተም ቀረ። ሽፋኑ አለ፣ የዘፈኖቹ ስም አለ፣ በቴፕ የተቀረጸው ድምፅም አብዛኛው አለ። የሌለው ያ ክብ ወረቀት ነው። ለ37 ዓመታት በብዙ አገር የሚኖሩ ሰዎች ያንን ወረቀት በገዛ ራሳቸው ለመጻፍ ሲሞክሩ ኖረዋል።

የአልበሙ ስም «ስማይል» ነው፤ «ፈገግታ» ማለት ነው። በሮክ ሙዚቃ ታሪክ ተጀምረው የተተዉ፣ አንዳንዴም ጨርሰው ተሠርተው መደርደሪያ ላይ የቀሩ አልበሞች ብዙ ናቸው። እነዚህን ከተረፉት ቅጂዎች፣ ከስቱዲዮ መዝገቦችና ከሙዚቀኞቹ ቃል ተነሥቶ እንደገና መገጣጠም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በቤታቸው ኮምፒዩተር የሚሠሩት አማተሮች አሉ፤ በኩባንያ ተቀጥረው ዋናውን ቴፕ የሚነኩ ባለሙያዎችም አሉ። ይህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚከናወንና የት ላይ እንደሚያስቸግር በአብዛኛው በ«ስማይል» ምሳሌነት ያስረዳል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁራጭ በቁራጭ የተቀረጸ ሙዚቃ

ቢች ቦይስ በ1961 የተቋቋመ ቡድን ነው። ብራያን፣ ዴኒስና ካርል ዊልሰን የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች፣ የአክስታቸው ልጅ ማይክ ላቭና ጓደኛቸው አል ጃርዲን ነበሩበት። ዜማውን የሚደርሰው፣ ሙዚቃውን የሚያቀናብረውና ቀረጻውን የሚመራው የወንድማማቾቹ ታላቅ ብራያን ነበር። ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ ከቡድኑ ጋር እየዞሩ መጫወቱን ትቶ ሥራውን ስቱዲዮ ውስጥ አደረገ። በሜይ 1966 «ፔት ሳውንድስ» የተባለው አልበሙ ወጣ። በዚያው ዓመት «ስማይል»ን ሲጀምር ገና 24 ዓመቱ ነበር። ለግጥሙ ቫን ዳይክ ፓርክስ የተባለ ወጣት ሙዚቀኛ አጋር አደረገ።

በዚያን ጊዜ አንድ ዘፈን ሲቀረጽ ሙዚቀኞቹ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አንድ ላይ ይጫወቱታል፤ ካልተስማማ ይደግሙታል። ዊልሰን ይህን ትቶ ዘፈኑን በቁራጭ ይቀርጽ ጀመር። መግቢያውን አንድ ቀን፣ አዝማቹን ሌላ ቀን፣ መሸጋገሪያውን በሌላ ወር፣ አንዳንዴም በሌላ ስቱዲዮ። ከዚያ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ በማጣበቂያ ያያይዘዋል። ቴፑ በስቱዲዮ መቅረጫ ላይ በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የግማሽ ሰከንድ ሙዚቃ ማለት 19 ሴንቲሜትር የሚሆን ክር ነው፤ በእጅ ተይዞ የሚቆረጥ ነገር ነው። «ጉድ ቫይብሬሽንስ» የተባለው ዘፈን በዚህ መንገድ ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 1966 በአራት የተለያዩ ስቱዲዮዎች ተቀረጸ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚረዝም አንድ ዘፈን ነው። በኦክቶበር ወጣ፣ በዲሴምበር በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። መንገዱ ሠራ ማለት ነው። ዊልሰንም ሙሉ አልበም በዚሁ መንገድ ለመሥራት ተነሣ።

ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘፈን ስምንት ቁራጭ ካለው ቁራጮቹ የሚደረደሩበት መንገድ በሺህ ይቆጠራል። የአንዱ ዘፈን ቁራጭ ለሌላው ሊሆን ሲችል ደግሞ ነገሩ ማብቂያ የለውም። «ሂሮስ ኤንድ ቪለንስ» የተባለውን ዘፈን ዊልሰን ለወራት ሲቀርጸው፣ ሲሰፋውና ሲቀደው ቆየ። ዛሬ በቴፕ ላይ የሚገኙት የዚህ ዘፈን ክፍሎች ብቻቸውን አንድ ሸክላ ይሞላሉ።

የቀረበት ምክንያት

ብዙ ጊዜ አንድ ምክንያት ተፈልጎ ይነገራል፤ ግን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ነው የመጣው። ቡድኑ ከካፒቶል ጋር በክፍያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ገባ። ማይክ ላቭ የፓርክስ ግጥም ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ብሎ ተከራከረ፤ ፓርክስም በ1967 መጀመሪያ ሥራውን ትቶ ሄደ። ዊልሰን አደንዛዥ ዕፅ ይወስድ ነበር፤ በኋላ ሐኪሞች ያረጋገጡት የአእምሮ ሕመምም እየበረታበት ነበር። ኖቬምበር 28 ቀን 1966 እሳትን በድምፅ የሚያሳይ ሙዚቃ ሲቀርጽ ሙዚቀኞቹን የእሳት አደጋ ሠራተኛ መጫወቻ ቆብ አስደረጋቸው። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ያለ ሕንፃ መቃጠሉን ሲሰማ ሙዚቃው ያመጣው መስሎት ፈራ። ቴፑን አጥፍቼዋለሁ ብሎም ተናገረ። አላጠፋውም፤ ቴፑ በኋላ ተገኝቷል። ይህችን ነገር መልሶ የሚሠራ ሰው ሁሉ ልብ ሊላት ይገባል፤ የባለቤቱ ቃልና የቴፑ ሳጥን ሁልጊዜ አይስማሙም።

በኤፕሪል 1967 ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ አዲሱ የወጣቶች ሙዚቃ ልዩ ዝግጅት አስተላለፈ፤ አቅራቢው ታዋቂው የኦርኬስትራ መሪ ሊዮናርድ በርንስታይን ነበር። በዝግጅቱ ብራያን ዊልሰን ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ «ሰርፍስ አፕ» የተባለውን ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱን ተጫወተ። ተመልካቹ አልበሙ ሊወጣ ነው ብሎ ጠበቀ። በሜይ የቡድኑ ቃል አቀባይ ሥራው መተዉን ለጋዜጣ ተናገረ። በሴፕቴምበር «ስማይሊ ስማይል» የተባለ ሌላ አልበም ወጣ፤ አብዛኛው በብራያን ቤት በቀላል መሣሪያ እንደ አዲስ የተቀረጸ ነው። ያን ሁሉ ወር የፈጀው ቴፕ ወደ መጋዘን ገባ።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ራሱ አልፎ አልፎ ከመጋዘኑ ይቀዳ ነበር። በ1969 በወጣው «20/20» አልበም ሁለት የ«ስማይል» ዘፈኖች ተካተቱ። በ1971 ደግሞ ካርል ዊልሰን «ሰርፍስ አፕ»ን ለመጨረስ ተነሣ። ለመጀመሪያው ክፍል የ1966ቱን የሙዚቃ ቅጂ ወስዶ ራሱ ዘፈነበት፤ ለሁለተኛው ክፍል የወንድሙን የድሮ ፒያኖና ድምፅ ተጠቀመ፤ ለመዝጊያው ከሌላ የ«ስማይል» ዘፈን የመጣ የኅብረት ድምፅ ጨመረበት። ብራያን ሲጀመር ይህን አልወደደውም ነበር፤ በመጨረሻ ግን መጥቶ በመዝጊያው ረዳ። እንዲያውም የመጀመሪያው መልሶ ሠሪ ታናሽ ወንድሙ ነው ማለት ይቻላል።

ማስረጃ ማሰባሰብ

በ1980ዎቹ የአንዳንዶቹ ቴፖች ቅጂ ከመጋዘን ሾልኮ በሰብሳቢዎች እጅ ገባ። ያለፈቃድ የታተሙ ሸክላዎች ወጡ፤ ካሴቶች በፖስታ ከሰው ወደ ሰው ሄዱ። በ1988 ዶሜኒክ ፕሪዮር የተባለ አሜሪካዊ ስለ አልበሙ የተጻፉ የጋዜጣ ጽሑፎችንና ሰነዶችን ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣ። በ1993 ካፒቶል የቡድኑን የ30 ዓመት መታሰቢያ ስብስብ ሲያሳትም ግማሽ ሰዓት ያህል የ«ስማይል» ሙዚቃ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ የራሱን «ስማይል» መገጣጠም ቻለ። በመቶ የሚቆጠር ሰው ሞከረው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው አያውቁም።

ጠንቃቃው መልሶ ሠሪ ጆሮውን ከማመኑ በፊት ወረቀት ይፈልጋል። በአሜሪካ በሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ መሠረት በየቀረጻው የሥራ ሰነድ ይሞላል፤ ቀኑ፣ ስቱዲዮው፣ የዘፈኑ ርዕስና የተከፋዮቹ ሙዚቀኞች ስም ይጻፍበታል። በዚህ ሰነድ ብቻ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ይቻላል። ቴፑ ራሱም ይናገራል። ቀረጻው ሲጀመር የስቱዲዮው ባለሙያ የዘፈኑን ስምና የሙከራውን ቁጥር በማይክሮፎን ይጠራል። የቴፕ ሳጥኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ርዕስ ግን ያሳስታል፤ ዊልሰን ዛሬ በአንድ ስም የጠራውን ቁራጭ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ዘፈን ሊያደርገው ይችላል።

«ዘ ኤለመንትስ» የሚባለው ዘፈን ማስረጃና ግምት እንዴት እንደሚጋጩ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ርዕሱ አራቱን ባሕርያት ማለትም ምድርን፣ ነፋስን፣ እሳትንና ውኃን ይመለከታል። የእሳቱ ክፍል የትኛው እንደሆነ ያለ ጥርጥር ይታወቃል፤ መጫወቻ ቆብ የተደረገበት ቀረጻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ የትኞቹ ናቸው? ለብዙ ዓመታት ብዙዎች ስለ አትክልት የሚናገረውን «ቬጀቴብልስ» ምድር ነው፣ ነፋስ የሚያንኳኳውን ደወል የሚያነሣውን «ዊንድ ቻይምስ» ነፋስ ነው እያሉ ገጣጠሙት። ሲሰሙት ደስ ይላል። ሽፋኑን ለተመለከተ ግን አይሆንም፤ በጀርባው ዝርዝር እነዚህ ሁለቱ ከ«ዘ ኤለመንትስ» ተለይተው በየራሳቸው ቦታ እንደ ሙሉ ዘፈን ተጽፈዋል። ስለዚህ ቢያንስ ሽፋኑ በተዘጋጀበት ጊዜ የአንዱ ዘፈን ክፍሎች አልነበሩም። ያማረ መልስ ትክክለኛ መልስ ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ማስረጃ የሸክላው መጠን ነው። በዚያ ዘመን የነበረ የሮክ ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ ሁለቱ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይይዛሉ። ከዚያ በላይ ሲረዝም የሸክላው ቦዮች ይጠብባሉ፣ ድምፁም ይደክማል። እንግዲህ የአንድ ሰዓት «ስማይል» ገጣጥሞ በ1967 ሊወጣ የነበረው ይህ ነው የሚል ሰው ይህን አስልቶ መሆን አለበት።

ድምፁ ላይ የሚሠራው ሥራ

የመጀመሪያው ሥራ ለዋናው ቴፕ ቅርብ የሆነውን ቅጂ ማግኘት ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለብጥ የኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በእያንዳንዱ ግልባጭ ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ሦስተኛ ግልባጭ ላይ የተሰማ ቫዮሊን ዋናው ላይ ክላሪኔት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ይስተካከላል። ቴፑ የተቀዳበት መቅረጫ በ6 በመቶ ያህል ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ከነበረ ሙዚቃው ከፒያኖው አንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ሁለት ቁራጮችም አይገጥሙም። ለዚህ አንዱ ዘዴ ቴፑ ውስጥ ሳይፈለግ የገባውን የኤሌክትሪክ እምምታ ማዳመጥ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ እምምታው ከዚያ ከተለየ ፍጥነቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ጉድለት ተብሎ ይጠላ የነበረው ድምፅ እዚህ ላይ እንደ ሰዓት ያገለግላል።

ከዚያ ማጋጠም ይመጣል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በስቱዲዮዎች የነበሩት መቅረጫዎች አራት ወይም ቢበዛ ስምንት መስመር ስለነበራቸው፣ ሙዚቀኞቹ በአራት መስመር የተጫወቱት ወደ አንድ ተጨምቆ ወደ ሌላ ቴፕ ይዛወርና ድምፃውያኑ በቀረው መስመር ይዘፍኑ ነበር። ዛሬ ሁለቱን ቴፖች ኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ማስኬድ ይቻላል፤ ከአንዱ የመሣሪያዎቹ ድምፅ ተነጣጥሎ፣ ከሌላው የዘፋኞቹ ድምፅ ይወሰዳል። ማርክ ሊኔት የተባለው የድምፅ ባለሙያ በ1997 የወጣውን «ፔት ሳውንድስ» በስቴሪዮ የሠራው በዚህ ዘዴ ነው፤ አልበሙ በ1966 የወጣው በሞኖ ብቻ ነበር። ከ2021 ወዲህ ደግሞ አንድ ላይ የተቀረጸን ድምፅ በኮምፒዩተር መነጣጠል ተችሏል። ስለ ቢትልስ በተሠራው «ጌት ባክ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ላይ ጊታሩንና ንግግሩን በዚህ ለዩት፤ በ2022 «ሪቮልቨር» የተባለውን የ1966 አልበማቸውን እንደገና ለማቀናበርም ተጠቀሙበት። አማተሮችም ተመሳሳይ ፕሮግራም ቤታቸው ገብቷል። ችሎታው ሲጨምር ፈተናውም ጨመረ፤ ያልተዘፈነ ዘፈን የተዘፈነ ማስመሰል ከቀድሞው ቀሏል።

2004 እና 2011

ዊልሰን ለብዙ ዓመታት ስለዚህ አልበም ሲጠየቅ ጥያቄውን ይሸሽ ነበር። በ2003 ግን በኮንሰርት ሊጫወተው ተስማማ። ከባንዱ አባላት አንዱ የሆነው ዳሪያን ሳሃናጃ የድሮዎቹን ቁራጮች ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ ቤቱ ወሰደለትና አብረው እያዳመጡ ማያያዝ ጀመሩ። በእጅ የተጻፈ የድሮ ግጥም ላይ አንድ ቃል አልነበብ ሲላቸው ዊልሰን ለቫን ዳይክ ፓርክስ ስልክ ደወለ። ፓርክስ ቃሉን ነገረው፤ ከዚያም ራሱ መጣና ግጥም ሳይኖራቸው ለቀሩት ዘፈኖች ግጥም ጻፈ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2004 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሕዝብ ቀረበ። በሴፕቴምበር አልበም ሆኖ ወጣ። የእሳቱ ሙዚቃ፣ ያ ያስፈራው፣ የግራሚ ሽልማት አገኘለት።

ይህ አልበም ሁሉም እንደ አዲስ የተጫወተ ነው፤ ከ1966 ቴፕ አንድ ሰከንድ የለበትም። ዴኒስ በ1983 በባሕር ሰጥሞ፣ ካርል በ1998 በካንሰር ሞተዋል፤ ድምፃቸው አይሰማም። ሙዚቃው በሦስት ትልልቅ ክፍሎች ተከፍሎ ያለ ማቋረጥ ይሄዳል፤ ሽፋኑ ላይ ያሉት 12 ዘፈኖች ግን ለሁለት ገጽ ሸክላ የታሰቡ ነበሩ። በሦስተኛው ክፍል «ቬጀቴብልስ»፣ «ዊንድ ቻይምስ»፣ የእሳቱ ሙዚቃና ፓርክስ አዲስ ግጥም የጻፈለት የውኃ ሙዚቃ ተቀራርበው መጥተዋል፤ አማተሮቹ የገመቱት አራቱ ባሕርያት ማለት ነው። ታዲያ አማተሮቹ ትክክል ነበሩ ማለት ነው? አይደለም። የ61 ዓመቱ ዊልሰን በ2004 የወሰነው የ24 ዓመቱ ዊልሰን በ1966 ያሰበው ነው ብሎ ለመናገር ማስረጃ የለም። የደራሲው ሥልጣን ግን አለው፤ የራሱን ሥራ የመጨረስ መብቱን የሚነፍገው የለም።

በ2011 ማርክ ሊኔትና አላን ቦይድ ዋና ዋናዎቹን ቴፖች ከፍተው «ዘ ስማይል ሴሽንስ»ን አወጡ። ትልቁ ስብስብ አምስት ሲዲ ነው። እዚህ ላይ የሦስቱም ወንድማማቾች የወጣትነት ድምፅ ይሰማል። አዘጋጆቹ ለመደርደሪያ የተጠቀሙት የ2004ቱን ቅደም ተከተል ነው፤ ሌላ የተሟላ ቅደም ተከተል አልነበራቸውም። ድምፅ የጎደለበት ቦታ ላይ ዊልሰን በ1966 ለብቻው ከቀረጸው ቅጂ ድምፁን ወስደው በሙዚቃው ላይ አስቀመጡ። ከሁሉ የሚመሰገነው ግን የቀሩት አራት ሲዲዎች ናቸው፤ ያልተገጣጠሙት ቁራጮች፣ የስቱዲዮ ንግግሩና የተበላሹ ሙከራዎች እንዳሉ ቀርበውባቸዋል። አድማጩ አዘጋጆቹ ምን እንዳደረጉ ራሱ ሊመረምር ይችላል፤ ካልተስማማም የራሱን ይሠራል። ሥራው በ2013 በታሪካዊ አልበሞች ዘርፍ ግራሚ አገኘ።

ሌሎች አልበሞች፣ ሌሎች ጥያቄዎች

ሁሉም ያልወጣ አልበም እንዲህ አያስቸግርም። ኒል ያንግ «ሆምግሮውን»ን በ1974 እና በ1975 ቀርጾ ጨርሶ ለጓደኞቹ ካሰማ በኋላ ሌላ አልበም ለማውጣት መረጠ። በ2020 መደርደሪያው ላይ እንደነበረ አወጣው፤ መልሶ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ቦብ ዲላን «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ»ን በሴፕቴምበር 1974 ኒው ዮርክ ቀርጾ የሙከራ ሸክላ እስከሚታተም ደርሶ ነበር። በዲሴምበር መጨረሻ ሐሳቡን ቀይሮ አምስቱን ዘፈኖች በሚኒያፖሊስ እንደገና ቀረጸ። ሽፋኑ ቀድሞ በመታተሙ የሚኒያፖሊስ ሙዚቀኞች ስማቸው ሳይጻፍ ቀረ። የሙከራው ሸክላ ስላለ የመጀመሪያው አልበም ምን እንደነበር አንድም የሚያከራክር ነገር የለም፤ ሙሉው የቀረጻ ስብስብ በ2018 ሲታተም አዘጋጆቹ የድሮው ሸክላ ላይ በጥቂቱ የተፋጠነውን ድምፅ ወደ ትክክለኛ ፍጥነቱ መለሱት።

የቢትልስ «ጌት ባክ» መካከል ላይ ነው። ግሊን ጆንስ የጃንዋሪ 1969ን ቀረጻ ሁለት ጊዜ አልበም አድርጎ አዘጋጀው፤ ቡድኑ ሁለቱንም አልተቀበለም። ፊል ስፔክተር ቫዮሊንና መዘምራን ጨምሮበት በሜይ 1970 «ሌት ኢት ቢ» ተብሎ ወጣ። ፖል ማካርትኒ በተለይ አንዱ ዘፈኑ ላይ በተጨመረው ነገር ቅሬታውን ተናግሯል። በ2003 ጭማሪው የተራቆተበት ሌላ ቅጂ ወጣ፤ የጆንስ ዝግጅት ራሱ ደግሞ በ2021 ታተመ። ዛሬ አንድ አልበም በሦስት መልክ በሱቅ ይገኛል፤ ሦስቱንም ማወዳደር የሚችለው ዘመን ይህ ብቻ ነው።

ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን መሪ ፒት ታውንዘንድ «ላይፍሃውስ» ብሎ ያሰበው ሥራ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ፊልምም፣ ኮንሰርትም፣ አልበምም ሊሆን ነበር። ታሪኩን ለሰው ማስረዳት እያቃተው ተወው፤ ከዘፈኖቹ የተሻሉት በ1971 «ሁስ ኔክስት» የተባለ አልበም ሆኑ። ታውንዘንድ በ1999 በቢ.ቢ.ሲ. የሬድዮ ድራማ አድርጎ አቀረበው፣ በ2000 የራሱን የቤት ቅጂዎች ያካተተ የስድስት ሲዲ ስብስብ አሳተመ፣ በ2023ም ሌላ ትልቅ ስብስብ ወጣ። ድምፁ ሞልቷል፤ አልበሙ ግን ከታውንዘንድ ራስ ውጪ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ማንም «ይህ ላይፍሃውስ ነው» ቢል ሊባል የሚችለው «ያንተ ነው» ብቻ ነው።

የጂሚ ሄንድሪክስ ነገር የሚያሳዝን ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ሲሞት ባለ ሁለት ሸክላ አልበም እያዘጋጀ ነበር፤ በእጁ የጻፋቸው የዘፈን ዝርዝሮች ቀርተዋል። ዘፈኖቹ በሚቀጥሉት ዓመታት በተለያዩ አልበሞች ተበታትነው ወጡ። በ1975 አላን ዳግላስ የተባለ ፕሮዲዩሰር ከቴፖቹ ላይ የሄንድሪክስን ጊታርና ድምፅ አስቀርቶ አብረውት የተጫወቱትን በሌሎች የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ተካቸው፤ «ክራሽ ላንዲንግ» ተብሎ ታተመ። የሞተ ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲጫወት ይሰማል። በ1995 መብቱ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። በ1997 የድሮው የድምፅ ባለሙያው ኤዲ ክሬመር ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ዘፈኖቹን በአንድ ሰበሰበ። ይህኛውም ግምት አለበት፤ ነገር ግን ያልነበረ ሙዚቀኛ አላስገባም፣ የሠራውንም አልደበቀም።

በአማተሮቹ መካከልም ይኸው ልዩነት አለ። አንዳንዱ የትኛውን ቁራጭ ከየትኛው ቅጂ እንደወሰደ፣ የት እንደቆረጠ፣ ፍጥነቱን ምን ያህል እንደለወጠና የትኛው ውሳኔ የራሱ ግምት እንደሆነ ከሥራው ጋር ይጽፋል። ሌላው «ትክክለኛው ስማይል» ብሎ ስም ብቻ ይሰጠዋል። የሁለተኛው ሥራ ለጆሮ የበለጠ ሊጥም ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን የተቀላቀለውን ከዋናው መለየት የማይችል አድማጭ ያፈራል። አሁንም «ስማይል» ብለው ያዳመጡት በማን የተገጣጠመ እንደሆነ የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ።

ብራያን ዊልሰን በጁን 2025 በ82 ዓመቱ አረፈ። በ2011 «ስማይል» በሸክላ ሲወጣ ፍራንክ ሆልምስ በ1966 የሣለው የፈገግታ ሱቅ ሽፋኑ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ሙዚቃው 48 ደቂቃ ገደማ በመሆኑ በሁለት ገጽ አልበቃ ብሎ ሦስት ገጽ ይዟል፤ አራተኛው ገጽ ላይ ተጨማሪ ቅጂዎች አሉ። ሸክላው ላይ የተለጠፈውም ክብ ወረቀት በመጨረሻ ታተመ፤ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ግን የ2004ቱን ነው።